የረግረግ ማካካሻ ባንክ እንዴት ይቋቋማል? ከመሬት መረጣ እስከ ክሬዲት ሽያጭ

በአሜሪካ ረግረግ መሬት ላይ መንገድ፣ መጋዘን ወይም መኖሪያ ቤት መሥራት የፈለገ ሰው ዝም ብሎ አፈር መድፋት አይችልም። በ1972 የወጣው የንጹህ ውሃ ሕግ፣ በአንቀጽ 404፣ መጀመሪያ ፈቃድ አውጣ ይለዋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፈቃዱን የሚሰጠው አርሚ ኮር ኦፍ ኢንጂነርስ ነው። ከዚህ በኋላ ባጭሩ ኮሩ እለዋለሁ። ኮሩ አመልካቹን በቅድሚያ ረግረጉን አትንካ ይለዋል። ግድ ከሆነ ጉዳቱን ቀንስ፣ ከዚያ የተረፈውን አካክስ።

ማካካሻ ባንክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለመሬት ወይም ኩባንያ፣ ድሮ ረግረግ የነበረና በኋላ የደረቀ መሬት መልሶ ያለማል። ተቆጣጣሪዎቹ ሥራውን አይተው ክሬዲት፣ ማለትም ምን ያህል ረግረግ እንደተመለሰ የሚቆጥር መለኪያ፣ ይለቁለታል። ክሬዲቱን ለገንቢው ይሸጣል። ሽያጩ እንዳለቀ የማካካሱ ሕጋዊ ኃላፊነት ከገንቢው ትከሻ ወርዶ ባንኩ ላይ ያርፋል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያ፣ በጆርጂያና በሚኒሶታ ለምትኖሩ፣ የእርሻ መሬት ለገዛችሁ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ማወቁ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ይህን ነገር እንደ ሪል ስቴት ንግድ አይቶ ይጀምረዋል። እኔ በመጀመሪያ የውሃ ሥራ ነው እላለሁ። ውሃው ወደ መሬቱ እንደሚመለስ ማረጋገጫ ሳይያዝ ጠበቃና አማካሪ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተልም ይህንኑ የሚከተል ነው።

1. ገዢ መኖሩን እዩ

ክሬዲት እንደ በቆሎ የትም ተጭኖ አይሸጥም። እያንዳንዱ ባንክ የአገልግሎት ክልል አለው። ክልሉ አብዛኛውን ጊዜ በተፋሰስ ይወሰናል። ጉዳቱ የደረሰበት ቦታና ባንኩ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ መሆን አለባቸው ነው ነገሩ። ስለዚህ መሬቱ በጣም ጥሩ ሆኖ በዙሪያው ግንባታ ከሌለ ክሬዲቱን የሚገዛ አይኖርም።

ሪቢትስ የሚባል የኮሩ የመረጃ ቋት አለ። በነጻ ይከፈታል። በየተፋሰሱ ስንት ባንክ እንዳለ፣ ስንት ክሬዲት እንደተለቀቀና ስንቱ እንደተሸጠ ያሳያል። አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ የአካባቢያችሁን ባንኮች አንድ በአንድ እዩ። ባንኮቹ የተለቀቀላቸውን ክሬዲት ቶሎ ቶሎ እየሸጡ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ያልተሸጠ ክሬዲት ተከማችቶ ካያችሁ ደግሞ ሌላ ተፋሰስ ፈልጉ።

አንድ ትልቅ ነገር አትርሱ። በሜይ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳኬት በተባሉ ባለመሬቶች ክስ ላይ የፌዴራሉን ሕግ አጠበበው። ሕጉ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከመሳሰሉት ውሃዎች ጋር ያልተቋረጠ የገጸ ምድር ግንኙነት ያላቸውን ረግረጎች ብቻ ይጠብቃል ተባለ። ለብቻው የተቀመጠ ረግረግ ከፌዴራል ጥበቃ ወጣ ማለት ነው። ጥበቃው ሲጠብ የክሬዲት ፈላጊውም ቁጥር ይቀንሳል። ነገር ግን የራሳቸው ሕግ ያላቸው ስቴቶች አሉ። ሚኒሶታ ከ1991 ጀምሮ የራሷ የረግረግ ጥበቃ ሕግ አላት፤ የስቴቱን የማካካሻ ባንክ የሚመራው የውሃና አፈር ሀብት ቦርድ ነው። ቨርጂኒያም በስቴት ሕግ ረግረጎቿን ትጠብቃለች። የእናንተ ስቴት ምን እንደሚል ሳታውቁ መሬት አትግዙ።

2. ውሃ የተባረረበት መሬት ፈልጉ

ጥሩ የባንክ መሬት ማለት ድሮ ረግረግ የነበረ፣ ሰው በቦይ ወይም በተቀበረ ቧንቧ ያጠነፈፈው፣ ዛሬ በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘራበት መሬት ነው። የ2008ቱ የፌዴራል የማካካሻ ደንብ ራሱ በቅድሚያ መልሶ ማልማትን አስቡ ይላል። የመሳካት ዕድሉ ከሁሉ ይበልጣል። ኮረብታ ቆፍሮ አዲስ ረግረግ መፍጠር ግን ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሳካም። ደህና ሆኖ ያለ ረግረግን አጥሮ መጠበቅ ደግሞ የሚያስገኘው ክሬዲት ትንሽ ነው።

ዋልካ አፈር ላይ ያደገ ሰው ሥራው ቶሎ ይገባዋል። ሸዋ ላይ ገበሬው ክረምት ሲገባ ውሃ እንዳይተኛበት ቦይ ያወጣል። እዚህ የሚሠራው የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ሌላ ሰው ያወጣውን ቦይ መድፈን።

ፍለጋው ከቤት ይጀመራል። የግብርናው መሥሪያ ቤት የአፈር ካርታ በኢንተርኔት በነጻ አለ። ካርታው ውሃ የተኛበትን አፈር ለይቶ ያሳያል። የአሳና የዱር እንስሳት አገልግሎት የረግረግ ካርታም እንዲሁ። ከዚያ የድሮ የአየር ፎቶዎችን ፈልጉ። ከበልግ ዝናብ በኋላ በተነሳ ፎቶ ላይ ማሳው መሐል ጠቆር ያለ ጥላ ካያችሁ፣ ውሃው እዚያ መተኛት ይፈልግ እንደነበር ይነግራችኋል። ቀጥ ብለው የተሰመሩ ቦዮችንም ልብ በሉ። ወንዝ በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ቀጥሎ ማሳው ላይ ውረዱ። የአፈር መሰርሰሪያ ያዙ። ጉልበት ድረስ ብትቆፍሩ ይበቃል። ያወጣችሁትን አፈር በመዳፋችሁ ቆረስ አድርጋችሁ በፀሐይ እዩት። ለረጅም ጊዜ ውሃ የተኛበት አፈር ግራጫ ነው። በግራጫው መሐል የብረት ዝገት የመሰሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ፤ በተለይ ሥር ባለፈበት ቀዳዳ ዙሪያ ዝገቱ ቀጭን ቀለበት ሠርቶ ይታያል። ውሃው ኦክስጅን ሲያሳጣው ብረቱ ይሟሟል፤ አየር ሲያገኝ ተመልሶ ይዝጋል። አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል። ባለሙያዎች ቀለሙን በመንሰል የቀለም ካርድ ያመሳክራሉ። ይህ ምልክት መሬቱ ከተጠነፈፈ ከብዙ ዓመት በኋላም አይጠፋም። ለዚህ ነው አፈሩን ከባለመሬቱ ወሬ አስበልጬ የማምነው።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ቦታ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሄዳችሁ እዩ። በቨርጂኒያ ውድብሪጅ፣ ኒያብስኮ ክሪክ አጠገብ ያለው የረግረግ ጥብቅ ሥፍራ በማካካሻ ባንክነት የተሠራ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የእግር መንገድ አለው።

3. ውሃውን ለኩ

ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቀው እዚህ ነው። ባለቤቶቹ ለመለካት ይሰስታሉ።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ የፕላስቲክ ቧንቧ በተለያየ ቦታ ትቀብራላችሁ፤ ውስጡ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ የሚመዘግብ መሣሪያ ትከታላችሁ። ከዝናብ መለኪያ ጋር ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕፅዋት ማደጊያ ወቅት መመዝገብ አለበት። ከዚያ ቢረዝም ይመረጣል፤ አንዱ ዓመት ድርቅ፣ ሌላው ጎርፍ ሊሆን ይችላልና።

ኮሩ የሚጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው በማደጊያው ወቅት ለ14 ተከታታይ ቀናት ከመሬቱ ገጽ 12 ኢንች (30 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ድረስ ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። ይህም ከ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ በ5ቱ መሆን አለበት። መሬቱ ላይ ውሃ ተንጣልሎ መታየቱ ግዴታ እንዳልሆነ አስተውሉ። ሥሩ አካባቢ መርጠቡ ነው ቁም ነገሩ።

ከዚያ የውሃውን ሒሳብ ትሠራላችሁ። ከዝናብ ምን ያህል ይገባል? ከላይ ካለው ተዳፋት ምን ያህል ይወርዳል? ምን ያህል ይተናል፣ ምን ያህል ይሰርጋል፣ ምን ያህል በቦዩ ይወጣል? ቦዩ ሲደፈን ምን እንደሚለወጥ የውሃ ባለሙያ (ሃይድሮሎጂስት) በሞዴል ያሳያችሁ። በአቅራቢያው ጤነኛ የተፈጥሮ ረግረግ ካለ እዚያም ቧንቧ ቅበሩ። የእናንተ መሬት መምሰል ያለበት እሱን ነው።

በጀት ሲጠብ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ሥራ ነው። እባካችሁ አትቁረጡት።

4. ወረቀቱን አጣሩ

መሬቱ በውሃ በኩል ካለፈ አሁን ታይትሉን (የባለቤትነት ሰነዱን) አስመርምሩ። ሞርጌጅ ካለበት የአበዳሪው መብት በኋላ መሬቱ ላይ ከሚመዘገበው የዘላለም ጥበቃ ውል በታች እንዲሆን አበዳሪው በጽሑፍ መስማማት አለበት። ካልሆነ አንድ ቀን አበዳሪው መሬቱን ቢወርስ ጥበቃው ሊፈርስ ይችላል። የማዕድን መብቱ በሌላ ሰው እጅ እንዳይሆን እዩ። የጋዝ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የመንገድ መብት፣ የኮንትራት አራሽ፣ ሁሉም ይጣራል። ምዕራብ ስቴቶች ከሆናችሁ የውሃ መብትም አለ።

መሬቱ ቀደም ሲል በመንግሥት የጥበቃ ፕሮግራም ገንዘብ የተከፈለበት ከሆነ፣ በዚያው ሥራ ክሬዲት ማግኘት አይቻልም።

ጎረቤቶቻችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እናንተ ቦይ ስትደፍኑ ውሃው የጎረቤት ማሳ ላይ ከተኛ ክስ ይከተላል። የላይኛው ጎረቤት ውሃ በእናንተ ቦይ የሚያልፍ ከሆነ ዲዛይኑ ከመጀመሪያው ይህን ማስተናገድ አለበት። ቡና ጠጥቶ መነጋገር እዚህም ይሠራል፤ ግን ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት።

ኤርፖርት ቅርብ ከሆነም ሌላ ቦታ ፈልጉ። ረግረግ ወፍ ይጠራል፤ ወፍ ደግሞ ለአውሮፕላን አደጋ ነው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ጄት ከሚያርፍበት ኤርፖርት 10,000 ጫማ፣ ትናንሽ ባለ ፒስተን አውሮፕላኖች ብቻ ከሚያርፉበት 5,000 ጫማ እንዲርቅ ይመክራል። ለመነሻና ለማረፊያ መስመሮች ደግሞ እስከ 5 ማይል ይመለከታል።

5. ፕሮስፔክተስና የባንኩ ውል

በኮሩ ሰብሳቢነት የሚሠራ የጋራ ገምጋሚ ቡድን አለ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ የአሳና የዱር እንስሳት አገልግሎት፣ የስቴቱ መሥሪያ ቤቶችና እንደ ቦታው ሌሎችም ይቀመጡበታል።

መጀመሪያ ረቂቅ ፕሮስፔክተስ፣ ማለትም የባንኩን ሐሳብ የሚያስረዳ ሰነድ፣ ላኩ። ግዴታ አይደለም፤ ግን ገምጋሚዎቹ መሬቱን መጥተው አይተው በግልጽ የሚነግሯችሁ በዚህ ጊዜ ነው። «ይህ ቦታ አይሆንም» የሚባል ከሆነ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ አሁን መስማቱ ይሻላል።

ቀጥሎ ዋናው ፕሮስፔክተስ ይገባል። ኮሩ መሟላቱን በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ከተሟላ ለሕዝብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት 30 ቀን አለ። ከዚያ ኮሩ ሐሳቡ የሚያስኬድ መሆን አለመሆኑን በደብዳቤ ይነግራችኋል።

በሦስተኛ ደረጃ የባንኩ ረቂቅ ውል ይመጣል። ወፍራም ሰነድ ነው። የአገልግሎት ክልሉ፣ የክሬዲቱ አቆጣጠር፣ የግንባታ ዕቅዱ፣ የስኬት መመዘኛዎቹ፣ የክትትሉ አኳኋን፣ ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ ዋስትናው፣ የዘላለም አስተዳደሩ፣ ሁሉም እዚህ ይጻፋል። የመጨረሻው ውል ተፈርሞ ባንኩ ይጸድቃል።

በደንቡ የፌዴራሉ የግምገማ ጊዜ ቢደመር 225 ቀን ነው። ይህን አይታችሁ የቀን መቁጠሪያ እንዳትሞሉ። ሰነድ ሲጎድል ቆጠራው ይቆማል። በመጥፋት ላይ ያለ እንስሳ ወይም ታሪካዊ ቅርስ ከተገኘ ሌላ ምክክር ይጨመራል። እናንተ ሰነድ የምታዘጋጁበት ጊዜም አይቆጠርም። ከሐሳብ እስከ ፊርማ ከዓመት በላይ እንደሚሄድ አስባችሁ ገንዘባችሁን አደላድሉ።

የስኬት መመዘኛዎቹ ላይ በደንብ ተከራከሩ። «ደህና ረግረግ ይሆናል» የሚል ቃል ነገ ያጣላል። የውሃው ከፍታ፣ የአገር በቀል ዕፅዋት ሽፋን በመቶኛ፣ በአንድ ኤከር በሕይወት ያለ ዛፍ ቁጥር፣ የወራሪ ተክል ጣሪያ፣ እያንዳንዱ የሚለካ ቁጥር ይሁን።

6. ዋስትና

ሥራው ቢወድቅ ማስተካከያ የሚሆን ገንዘብ መያዝ አለበት። ቦንድ፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (የባንክ የዋስትና ደብዳቤ)፣ ኤስክሮ (በሦስተኛ ወገን እጅ የተቀመጠ ገንዘብ) ወይም ኢንሹራንስ ሊሆን ይችላል። መሬቱ ላይም ለዘላለም የሚጸና የጥበቃ ኢዝመንት (ቀደም ሲል ያነሳሁት የጥበቃ ውል) ይመዘገባል። ከዚያ ወዲህ እናንተም ልጆቻችሁም ቤት ልሥራ፣ ልረስ ማለት አትችሉም። ቤተሰብ ሰብስባችሁ ከፊርማው በፊት ተነጋገሩበት።

7. ቦዩን ድፈኑ፣ ችግኙን ትከሉ

የአፈሩ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከሚጠበቀው ያጠረ ነው። ቦዩ በሸክላማ አፈር ይደፈናል፣ በደንብ ይጠቀጠቃል። የተቀበረው የማጠንፈፊያ ቧንቧ ይሰበራል ወይም ተቆርጦ ይወጣል። አንድ የተረሳ ቧንቧ መላውን መሬት ሊያደርቅ ስለሚችል ካርታውን ከድሮው ገበሬ ጠይቁ። ገበሬው የት እንደቀበረው ከማንም በላይ ያውቃል።

ኩሬ አትሥሩ። ከ1990ዎቹ በፊት የተሠሩ ብዙ ማካካሻዎች መሐላቸው ጥልቅ፣ ዳራቸው ገደል ነበር። ለዳክዬ ያምራል፤ ረግረግ ግን አልሆነም። በ2001 የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ያወጣው ሪፖርትም ማካካሻዎቹ የጠፋውን የረግረግ አገልግሎት እየተኩ አለመሆናቸውን በግልጽ ተናግሯል። የ2008ቱ ደንብ የጠነከረው በዚያ ምክንያት ጭምር ነው። ጎድጎድና ጉብ ጉብ ያለ፣ ከጫማ የማይበልጥ ልዩነት ያለው ገጽ ይበቃል።

ከባድ ማሽን እርጥብ አፈር ላይ አታስገቡ። አፈሩ ከተጠቀጠቀ ሥር አይገባበትም።

ዕፅዋቱ የአካባቢው ተወላጅ ይሁኑ። ክፍት ረግረግ ከሆነ ቄጠማና ደንገል መሰል ዝርያዎች፣ ደን ከሆነ ውሃ የሚችሉ የኦክ ዓይነቶች፣ ደቡብ ላይ ደግሞ ሳይፕረስ። ችግኝ የሚተከለው ቅጠሉን አራግፎ በተኛበት በበረዶው ወራት ማለቂያ ነው። አጋዘን ለጋውን ይበላል፤ ሉዊዚያና ላይ ኑትሪያ የሚባል ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ ሥሩን ሳይቀር ይነቅላል። መከላከያ ቱቦ ወይም አጥር በበጀቱ ውስጥ ይኑር።

ሸምበቆንና ሪድ ካናሪ የሚባለውን ሣር ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ተከታተሉ። ባዶና እርጥብ አፈር ሲያዩ ቀድመው የሚገቡት እነሱ ናቸው። ጥቂት ሳሉ በእጅ ይነቀላሉ። ከተስፋፉ ግን ለዓመታት መርጨት ይመጣል።

8. ክትትል፣ ክሬዲት፣ ሽያጭ

ክሬዲት የሚለቀቀው በየደረጃው ነው። ውሉ ሲጸድቅ፣ ኢዝመንቱ ሲመዘገብና ዋስትናው ሲያዝ ትንሽ ድርሻ ይለቀቃል። ከዚህ ድርሻ መሸጥ ከጀመራችሁ ግንባታው ቢዘገይ በቀጣዩ ሙሉ የማደጊያ ወቅት መጀመር አለበት። ቀጥሎ ግንባታው ሲያልቅ፣ ከዚያ ውሃውና ተክሉ መመዘኛውን ሲያሟሉ። ደህናው ድርሻ የመጨረሻውን መመዘኛ እስክታሟሉ ይቆያል።

ክትትሉ በትንሹ 5 ዓመት ነው። ደን ከሆነ ይረዝማል፤ ኦክ በ5 ዓመት ደን አይሆንም። በየዓመቱ የውሃ መዝገብ፣ የዕፅዋት ቆጠራና ከአንድ ቋሚ ቦታ የተነሳ ፎቶ ያለበት ሪፖርት ይቀርባል። መጥፎ ዜና ካለ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ መፍትሔውንም አብራችሁ አቅርቡ። ገምጋሚዎቹ መሬቱን መጥተው ስለሚያዩት የተደበቀ ነገር መውጣቱ አይቀርም።

እያንዳንዱ ሽያጭ ለኮሩ ይነገራል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዋጋውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ መንግሥት አይተምንም። ስትተምኑ ግን የመሬቱንና የግንባታውን ወጪ ብቻ አታስቡ። ክሬዲቱ እስኪለቀቅ ገንዘባችሁ ታስሮ የቆየበት ጊዜም፣ የዘላለሙ ጥበቃም ዋጋ አላቸው።

9. ከእናንተ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ክትትሉ አልቆ ክሬዲቱ ተሸጦ ሲያበቃም መሬቱ ጠባቂ ይፈልጋል። አጥር ይወድቃል፣ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ይመጣል፣ ሸምበቆው ይመለሳል። ስለዚህ ለዘላለም የሚያገለግል የተቀማጭ ገንዘብ ይቋቋማል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ዓመታዊ ወጪው 10,000 ዶላር ነው እንበል። ገንዘቡ ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 4 በመቶ ያፈራል ብለን ካሰብን 250,000 ዶላር መቀመጥ አለበት። ከእያንዳንዱ ክሬዲት ሽያጭ የተወሰነ ድርሻ እያነሱ ማጠራቀሙ ይቀላል። መጨረሻ ላይ አንዴ ልክፈል ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን አያገኘውም።

ኢዝመንቱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ጥበቃ ድርጅት ነው። ከመፈራረማችሁ በፊት ሌላ ቦታ የያዘውን መሬት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በዓመት ስንት ጊዜ ይጎበኘዋል? ወሰኑን የጣሰ ጎረቤት ሲገጥመው ምን አደረገ? ለጠበቃ የተቀመጠ ገንዘብ አለው? መልሱ ከተድበሰበሰባችሁ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።